የእጃችን ሥራና የባሕር ማዶ ዕቃ

እኛ ቤተ እስራኤል በጎንደር ሳለን አብዛኞቻችን ርስት ስላልነበረን የእጃችን ሥራ መተዳደሪያችን ነበር። ወንዱ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፤ ሴቷ እንስራ፣ ምጣድና ጀበና ትሠራለች። ገበሬው ያለ ማረሻችን አያርስም፤ ሠሪውን ግን «ቡዳ» ይለዋል።

ሸክላችንን ከራሳችን ሴቶች እጅ መውሰዳችን ለገንዘብ ብቻ አልነበረም። በኦሪት ሕግ የረከሰ የሸክላ ዕቃ ይሰበራል (ዘሌዋውያን 11፥33)፤ ብረት ግን በእሳት አልፎ ይነጻል (ዘኍልቍ 31፥23)። ስለዚህ ሸክላው ከማን እጅ እንደ ወጣ ማወቅ ግድ ነበር።

ከዚያ የባሕር ማዶ ዕቃ መጣ። አቡጀዲ የሸማኔውን ገበያ ተሻማ፤ ቆርቆሮ፣ በኋላም የፕላስቲክ ጀሪካን እንስራን ተኩ። እውነቱን ለመናገር ጀሪካኑ የእናቶቻችንን ወገብ አሳርፏል፤ እንስራ ተሸክማ ዳገት የወጣች ታውቀዋለች። በጎንደር አጠገብ በምትገኘው ወለቃ ሴቶቻችን ለቱሪስት የሚሸጡ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች መሥራት ያዙ።

እ.ኤ.አ. በ1984–85 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ስንገባ ነገሩ ተገለበጠ። ዛሬ በቂርያት ዔቅሮን «የውጭ ዕቃ» የሆነብን ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጀበና ነው። ጤፉም እንዲሁ፤ በ2006 የኢትዮጵያ መንግሥት የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ሲከለክል ነገሩ እስከ ምጣዳችን ደረሰ። ሻጮች የነበርን ገዢዎች ሆንን።

ጭቃው ከየት እንደሚቆፈር፣ ከምን ጋር እንደሚቦካ፣ እንዴት እንደሚተኮስ የሚያውቁ እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ልጆቻቸው ጀበናውን ከሱቅ ገዝተው ያመጡላቸዋል፤ እንዴት እንደሚሠራ የጠየቃቸው ግን ጥቂት ነው።