የሳምንታት የአየር ሁኔታ ትንበያ ምርምርና ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ያለው ፋይዳ

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አካባቢዎች ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጉና ተራራ አንስቶ እስከ በሽሎና ዓባይ ወንዞች ሸለቆ የሚዘልቅ ወጣ ገባ መልክዓ ምድር አላቸው፡፡ በደጋው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች፣ በወይና ደጋው ጤፍ፣ በቆላው ደግሞ ማሽላ ይመረታል፡፡ ምርቱ በአብዛኛው የዝናብ ጥገኛ ሲሆን፣ በ1997 ዓ.ም በተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ወረዳዎችም በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ፡፡

በእነዚህ ወረዳዎች ጉዳት የሚደርሰው የወቅቱ ጠቅላላ የዝናብ መጠን ሲያንስ ብቻ አይደለም፡፡ ዝናቡ ዘግይቶ ሲገባ፣ ቀድሞ ሲወጣ ወይም በመካከል ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት ሲቋረጥ ጠቅላላ መጠኑ መደበኛ ቢሆንም እንኳ ሰብል ይጠፋል፡፡ በመጀመሪያው ዝናብ የዘራ አርሶ አደር ዝናቡ ወዲያው ቢቋረጥ የበቀለው ቡቃያ ይደርቅበታል፡፡ ዳግም ለመዝራት ደግሞ ሌላ ዘር ያስፈልገዋል፤ ጎተራው ባዶ በሆነበት በሰኔና በሐምሌ ዘር ማግኘት ለብዙው ቤተሰብ ከባድ ነው፡፡

በሁለት ትንበያዎች መካከል ያለው ክፍተት

በ1973 ዓ.ም የተቋቋመውና በ2014 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚለውን ስያሜ ያገኘው መሥሪያ ቤት የዕለት፣ የዐሥር ቀናት፣ የወርና የወቅት ትንበያዎችን ያወጣል፡፡ የወቅት ትንበያ መስጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፡፡ የዕለት ትንበያው ለጥቂት ቀናት ጥንቃቄ ያገለግላል፡፡ የወቅት ትንበያው የክረምቱን አጠቃላይ አዝማሚያ ይጠቁማል እንጂ ዝናቡ በየትኛው ሳምንት እንደሚቋረጥ አይናገርም፡፡

ዘር ለማከፋፈል፣ የእህል ክምችትን ወደ ወረዳ ለማድረስና የሴፍቲኔት ክፍያን ለማፋጠን የሚያስፈልገው ጊዜ ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንታት ነው፡፡ ተመራማሪዎች በአሁኑ ወቅት ለመሸፈን የሚጥሩት ይህንኑ ክፍተት ነው፡፡

ምርምሩ የደረሰበት ደረጃ

አሜሪካዊው የሜትሮሎጂ ሊቅ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳየው በመነሻ መረጃ ላይ ያለ ጥቂት ስህተት ቀናት ባለፉ ቁጥር እየገዘፈ ስለሚሄድ የአንድን ቀን አየር ሁኔታ በዝርዝር መተንበይ የሚቻለው እስከ ሁለት ሳምንታት ገደማ ብቻ ነው፡፡ ከዚያ በላይ የሚሰጥ ትንበያ የሚመረኮዘው በዝግታ በሚለወጡ ነገሮች ላይ ነው፡፡ ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ የውቅያኖስ ወለል ሙቀት፣ የአፈር እርጥበትና እ.ኤ.አ. በ1971 ሮናልድ ማደንና ፖል ጁሊያን የደረሱበት፣ ከ30 እስከ 60 ቀናት ባለው ጊዜ ምድር ወገብን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ የሚጓዘው የደመናና የዝናብ ሞገድ ናቸው፡፡

የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የምርምር ፕሮግራሞች እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመሩትና በ2023 የተጠናቀቀው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የበርካታ አገራት ማዕከላትን የሳምንታት ትንበያ በአንድ የመረጃ ቋት አሰባስቧል፡፡ የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ከሰኔ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ እስከ 46 ቀናት የሚደርስ ትንበያ በየዕለቱ እያወጣ ነው፡፡ ትንበያው በመነሻ መረጃቸው ጥቂት የሚለያዩ 101 ስሌቶችን ያቀፈ በመሆኑ ስሌቶቹ ምን ያህል እንደሚስማሙ በማየት የአንድን ክስተት ዕድል መገመት ይቻላል፡፡ ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2025 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የሳምንታት ትንበያዎች የሚወዳደሩበትን መድረክም ከፍቷል፡፡ በቀጣናችን ናይሮቢ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያና አተገባበር ማዕከል ሳምንታዊ ትንበያዎችን ያሠራጫል፡፡

ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ለዘርፉ መሠረት የጣሉ ጥናቶችን አበርክተዋል፡፡ ዘውዱ ሰገሌና ፒተር ላምብ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የክረምት ዝናብ አገባብ፣ አወጣጥና በመካከል የሚከሰተው የዝናብ መቋረጥ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚለያይ አሳይተዋል፡፡ ድሪባ ቆሬቻና አንቶኒ ባርንስተን በ2007 እ.ኤ.አ. እንዳመለከቱት ደግሞ የክረምት ዝናብን በቀዳሚነት የሚወስነው በፓስፊክ ውቅያኖስ የሚከሰተው የኤል ኒኞና የላ ኒና ሁኔታ ነው፡፡ በ2007 ዓ.ም ክረምት በኤል ኒኞ ሳቢያ የደረሰው ድርቅ በ2008 ዓ.ም 10 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሕዝብ ለአስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ እንዲዳረግ ማድረጉ የዚህን እውቀት ክብደት ያስረዳል፡፡

ምን ይጠበቃል፣ ምን አይጠበቅም

የሳምንታት ትንበያ ለሁሉም አደጋ እኩል አያገለግልም፡፡ ሰብል የሚያወድመው በረዶ በጠባብ ቦታ የሚፈጠር በመሆኑ ሊታወቅ የሚችለው ከሰዓታት በፊት ነው፡፡ ውርጭ ከቀናት በፊት ሊጠቆም ይችላል፡፡ የብዙ ቀናት ደረቅ ወቅት፣ የዝናብ አገባብ መዘግየትና ከመደበኛ በላይ የሆነ ርጥብ ሳምንት ግን ሰፊ አካባቢን የሚሸፍኑ በመሆናቸው ለሳምንታት ትንበያ የተሻለ ዕድል ይሰጣሉ፡፡

በምሥራቅ አፍሪካ ትንበያው የተሻለ ውጤት የሚያሳየው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የምድር ወገብ አካባቢ ዝናብ ላይ ነው፡፡ ለሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ያለው አስተማማኝነት ዝቅ ያለ ነው፡፡ ከዚህም በላይ የዓለም አቀፍ ሞዴል አንድ የስሌት ሣጥን በዐሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ስፋት ስላለው የደጋውን ቀበሌና የሸለቆውን ቆላ በአንድ ሊያጠቃልል ይችላል፡፡ ስለሆነም በየወረዳው የሚሰበሰበው የዝናብ ልኬት ትንበያውን ከአካባቢው ጋር ለማጣጣምና ስህተቱን ለመለካት የማይተካ ሚና አለው፡፡

ትንበያውን በአግባቡ መረዳት

ትንበያው የሚቀርበው ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች በሚሉ ሦስት ክፍሎች ነው፡፡ ምንም ፍንጭ በሌለበት የእያንዳንዱ ዕድል 33 በመቶ ገደማ ነው፡፡ ለአብነት ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 50 በመቶ ነው ቢባል አደጋው ከወትሮው ከፍ ብሏል ማለት እንጂ ድርቅ መግባቱ ተረጋግጧል ማለት አይደለም፡፡ እንዲህ ዓይነት ትንበያ ዐሥር ጊዜ ቢሰጥ አምስት ጊዜ ያህል ከመደበኛ በታች ያልሆነ ዝናብ ይጠበቃል፡፡ ይህን ያልተረዳ ኃላፊ ትንበያው አንድ ጊዜ ሳይሠምር ሲቀር ቀጣዩን ማስጠንቀቂያ ችላ ሊል ይችላል፤ የዚህም ዋጋ የሚከፈለው በአርሶ አደሩ ማሳ ነው፡፡

በመሆኑም እርምጃው ከዕድሉ መጠን ጋር የተመጣጠነ መሆን ይኖርበታል፡፡ ዕድሉ መጠነኛ ሲሆን ወጪያቸው አነስተኛ የሆኑና ትንበያው ባይሠምርም የማይጎዱ ሥራዎች ይመረጣሉ፡፡ ከእነዚህም መካከል የዘር ክምችትን መቁጠር፣ ፈጥነው የሚደርሱ ዝርያዎችን ማዘጋጀት፣ የአርሶ አደሩ ዘር በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዳይዘራ መምከር፣ የውኃ ማቆሪያዎችንና የጎርፍ መቀልበሻ ቦዮችን መጥረግ ይገኙበታል፡፡ ዕድሉ በተከታታይ ሳምንታት እየጨመረ ከሄደ ክፍያን ማፋጠንና እህል ማጓጓዝን የመሰሉ ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቁ እርምጃዎች ይከተላሉ፡፡ በተለይ በሸለቆ ለሚገኙ ቀበሌዎች ማጓጓዣው መንገዱ በዝናብ ከመበላሸቱ በፊት መታሰብ አለበት፡፡

ለዚህም በየትኛው የዕድል መጠን የትኛው ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ በዕቅድ መወሰን ያስፈልጋል፡፡ የሜትሮሎጂ ባለሙያው ትንበያውን፣ የግብርና ባለሙያው የሰብሉን ደረጃ፣ የአደጋ መከላከል ባለሙያው የክምችቱን መጠን ይዘው በየዐሥር ቀኑ ቢገናኙ መረጃው ወደ ውሳኔ ይለወጣል፡፡ ከውሳኔው በኋላም የተተነበየውንና የሆነውን አመሳክሮ መመዝገብ ተገቢ ነው፡፡ ትንበያው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምን ያህል እንደሚታመን ለቀጣዩ ክረምት የሚያስረዳው ይኸው መዝገብ ነው፡፡