በቀለም የተሣሉ ጀግኖች፦ የአሌክስ ሮስን ሽፋኖች ከጆሃንስበርግ ሆኖ መሰብሰብ

በአገራችን ሥዕል ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው፤ ቀጥሎም የእነ አፈወርቅ ተክሌ ሸራ። «ኮሚክስ» የሚባለው የአሜሪካኖች ሥዕላዊ መጽሔት ግን የልጆች መደለያ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ አንድ ጎልማሳ ገንዘብ አውጥቶ ሲሰበስበው የሚያዩ ወዳጆቹ ፈገግ ይላሉ። እኔም ብዙ ተፈግጎብኛል። ሆኖም ጆሃንስበርግ ከገባሁ ወዲህ ካጠራቀምኳቸው ነገሮች ሁሉ ለመሸጥ የማላስባቸው አሌክስ ሮስ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ በቀለም የሠራቸውን የመጽሔት ሽፋኖች ነው። በዚህ ጽሑፍ ሠዓሊው ማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሰብሳቢ የሚሆን ሰው ምን ማወቅ እንዳለበትና ነገሩ እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከተን በምን በኩል እንደሆነ የማውቀውን ላካፍላችሁ። «ዓ.ም.» ከተባለበት በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሽፋን በቀለም ሲሠራ

የተለመደው ኮሚክስ የብዙ እጆች ሥራ ነው። አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፣ ሌላው በጥቁር ቀለም ያደምቀዋል፣ ሦስተኛው ቀለም ይቀባዋል። በቀለም የተሣለ ሽፋን ግን እንደ ማንኛውም ሥዕል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የአንድ ሰው እጅ ያረፈበት ነው። ልማዱ የመጣው በ1930ዎቹ በርካሽ ወረቀት ይታተሙ ከነበሩት የልብ ወለድ መጽሔቶች ነው። ገዢውን ከመደርደሪያው የሚጠራው ሽፋኑ ስለነበር አሳታሚዎቹ ለሽፋን ሠዓሊ ይቀጥሩ ነበር። ከዚህ ወገን ትልቁ ስም ፍራንክ ፍራዜታ (1928–2010) ነው። «የግብጽ ንግሥት» የተባለው የዘይት ቀለም ሥዕሉ ለአስፈሪ ታሪኮች መጽሔት ሽፋን የተሠራ ሲሆን፣ በ2019 በጨረታ 5.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የልጆች መደለያ ለሚሉት ወዳጆቼ ብዙ ጊዜ ይህን ቁጥር እነግራቸዋለሁ።

ሰውየው

አሌክስ ሮስ በ1970 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ተወልዶ በቴክሳስ ያደገ ሲሆን፣ ሥዕልን የተማረው በቺካጎ በሚገኘው የአሜሪካ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ነው። እናቱ የንግድ ሥዕል ባለሙያ፣ አባቱ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ስሙን ያስጠራው በ1994 ከደራሲው ከርት ቡሲክ ጋር የሠራው «ማርቭልስ» ነው። በዚህ ሥራ ልዕለ ጀግኖቹን የምናያቸው ከምድር ወደ ላይ አንጋጦ በሚመለከት አንድ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ዓይን ነው። በ1996 ከማርክ ዌይድ ጋር «ኪንግደም ካም»ን አወጣ። ታሪኩን የሚተርኩት አዛውንት ፓስተር መልክ የተወሰደው ከገዛ አባቱ ነው።

እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደምናየው

የሮስ ዋና መሣሪያ ጓሽ ነው። ጓሽ በውሃ የሚበጠበጥ፣ ነገር ግን ከውሃ ቀለም በተለየ ከሥሩ ያለውን የሚሸፍን ቀለም ነው። መጀመሪያ ሰዎችን አልብሶና መብራት አስተካክሎ ፎቶግራፍ ያነሣል። ያን ተመልክቶ በእርሳስ ይነድፋል። ከዚያ ጥላውንና ብርሃኑን በጥቁርና ነጭ ይሠራል፤ ቀለሙ የሚመጣው በላዩ ላይ ነው። እንደ ጨረር ላሉ ነገሮች በአየር ግፊት የሚረጭ መሣሪያም ይጠቀማል።

ውጤቱን ለማየት የሱፐርማንን ልብስ መመልከት ይበቃል። ሌሎች ሠዓልያን ልብሱን ከቆዳ ጋር ያጣብቁታል። የሮስ ልብስ ግን ጨርቅ ነው፤ ብብት ሥር ይጨማደዳል፣ ጉልበት ላይ ይታጠፋል። ፊቱም የጎረምሳ ሳይሆን ኃላፊነት የከበደው ጎልማሳ ፊት ነው። ሮስ መምህሬ ከሚላቸው አንዱ የአሜሪካን ተራ ሰው በመሣል የታወቀው ኖርማን ሮክዌል መሆኑን ስናውቅ ይህ አያስገርምም።

በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ኃጢአተኛ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። ይህን እያየ ላደገ ሰው የሮስ ሽፋን እንግዳ አይሆንበትም። ጀግናው ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ብርሃኑ ከታች ወይም ከኋላ ይመጣል፤ እኛም ከእግሩ ሥር ሆነን ወደ ላይ እናያለን። ልዩነቱ የእኛ ሠዓሊ ሥጋን ትቶ ምልክትን ሲከተል፣ ሮስ ምልክቱን ሥጋ ለማልበስ መልፋቱ ነው።

ምን ይሰበሰባል?

ኪስን ሳይጎዱ ለመጀመር የሚሻለው የሥዕል መድበሎቹን መግዛት ነው። በ2003 የታተመው «ሚቶሎጂ» የሱፐርማንንና የባትማንን ወገን፣ በ2018 የታተመው «ማርቬሎሲቲ» ደግሞ የስፓይደርማንን ወገን ሥራዎቹን ይዘዋል። ሥዕሉን ያለ ጽሑፍና ያለ ማስታወቂያ፣ በትልቅ ገጽ የምናየው በእነዚህ ነው።

ቀጥሎ መጽሔቶቹ ይመጣሉ። የ1994ቱን «ማርቭልስ» የሚገዛ ሰው ከሽፋኑ በላይ ያለውን ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ይመርምር። ርዕሱ የታተመው በፕላስቲኩ ላይ ስለሆነ፣ ከተቧጨረ ወይም ከተነቀለ ዋጋው ይወርዳል። ከቅርቦቹ ደግሞ የ«ኢሞርታል ሃልክ»ን 50 ቁጥሮች (2018–2021) እመክራለሁ። የሃምሳዎቹም ዋና ሽፋን የሮስ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። አሳታሚዎች አንዱን ቁጥር በተለያዩ ሽፋኖች ያትማሉ። አንዳንዱን ሽፋን ባለ ሱቁ የሚያገኘው ከመደበኛው 25 ወይም 50 ቅጂ ሲያዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ብርቅ ይሆናል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ነገር ግን ብርቅነቱ የተፈጠረው በሽያጭ ዘዴ እንጂ በሥዕሉ ጥራት አይደለም። ሥዕል ለማየት የሚሰበስብ ሰው መደበኛውን ሽፋን ቢገዛ ምንም አይቀርበትም። ከ2000 ጀምሮ የተለመደው፣ መጽሔቱን እስከ 10 ነጥብ ሰጥቶ በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ የማሸግ አገልግሎትም ለነጋዴ ይጠቅማል፤ የታሸገ መጽሔት ግን አይገለጥም፣ አይነበብም።

በጆሃንስበርግ ለሰብሳቢ ትልቁ ገበያ ኮሚክ ኮን አፍሪካ ነው። በ2018 በክያላሚ የመኪና መወዳደሪያ ሥፍራ ተጀምሮ፣ በ2019 ሚድራንድ ተካሂዶ፣ ከ2022 ጀምሮ ወደ ናስሬክ ተዛውሯል። ከውጭ የሚያስመጣ ሰው የማጓጓዣውን ዋጋና 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ቀድሞ ያስላ። አንዳንዴ መላኪያው ከመጽሔቱ ይበልጣል።

አጠባበቅ

ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንደ አዲስ አበባችን ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች፣ ቢጫውና ሮዙ ቀድመው ይሸሻሉ። ስለዚህ ሽፋንን መስኮት ፊት ለፊት መስቀል ማጥፋት ነው። ክረምቱ ደረቅ በመሆኑ ለወረቀት መልካም ነው፤ የበጋው ነጎድጓዳማ ዝናብ ግን የሚያፈስ ጣሪያ ካገኘ አይምርም። መጽሔቱን ከአሲድ ነፃ ካርቶን ደግፎ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ከትቶ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ሳጥን ውስጥ ማቆም እንጂ መደራረብ አይገባም።

እኛና ጀግኖቻቸው

በ1984 እና 1985 በአገራችን በደረሰው ረሃብ ጊዜ ለእርዳታ የተንቀሳቀሱት ዘፋኞች ብቻ አልነበሩም። ማርቭል በ1985 «ሂሮስ ፎር ሆፕ»ን፣ ዲሲ ደግሞ በ1986 «ሂሮስ አጌንስት ሃንገር»ን አሳተሙ። ብዙ ደራስያንና ሠዓልያን ጥቂት ጥቂት ገጽ ተካፍለው ሠሯቸው፤ ገቢውም ለረሃብተኞች ዋለ። በሁለተኛው ሱፐርማንና ባትማን፣ ከዋና ጠላታቸው ከሌክስ ሉተር ጋር ሳይቀር፣ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣሉ። በቅን ልብ የተሠራ ነው፤ አላማርርም። ሆኖም ጀግናው ከውጭ ይመጣል፣ እኛ ደግሞ የሚጠብቁ እጆች ሆነን እንታያለን። በስደት የኖረ ሰው ይህ ሥዕል ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ያውቃል። አገሬን ስናገር ስለ ረሃብ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው።

የሮስን «ፒስ ኦን ኧርዝ» ከሌሎቹ አብልጬ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። በ1998 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው ይህ ትልቅ ገጽ ያለው ሥራ በፖል ዲኒ የተደረሰ ነው። ሱፐርማን የአሜሪካን ትርፍ እህል ለዓለም ረሃብተኞች በአንድ ቀን ለማዳረስ ይነሣል። አንዳንዱ ቦታ በደስታ ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ ይጠራጠረዋል፤ በመጨረሻ የአንድ አምባገነን መሣሪያ እህሉን ያጠፋበታል። ተራራ የሚያነሣው ጀግና ረሃብን ማሸነፍ ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ ክላርክ ኬንት ሆኖ፣ ካደገበት እርሻ ያገኘውን የአዘራር ዕውቀት ለወጣቶች ሲያካፍል እናየዋለን። የ1977 ዓ.ም.ን ክፉ ቀን ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ፣ እህል ስለመስጠትና ዘር ስለመዝራት ልዩነት ብዙ የሚያሳስብ ሥራ ነው።

መልሱ ደግሞ ከአህጉራችንም መጥቷል። ደቡብ አፍሪካዊው ሎይሶ ምኪዜ፣ በዘይት ቀለም የሰው መልክ በመሣልም የሚታወቅ ሠዓሊ፣ በ2014 «ክዌዚ»ን ጀመረ። ስሙ በዙሉና በኮሳ ቋንቋዎች ኮከብ ማለት ነው። ወጣቱ ጀግና የሚኖርባት «የወርቅ ከተማ»፣ ዙሉዎች «ኢጎሊ» የሚሏትን ጆሃንስበርግን ታስታውሳለች። በ2018 ደግሞ ብስራት ደበበ አዲስ አበባን መነሻ ያደረገውን «ጀምበር»ን በእንግሊዝኛና በአማርኛ አወጣ፤ ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ይባላል። እነዚህ ከሮስ ጓሽ ጋር በዋጋ አይወዳደሩም። በእኔ ሳጥን ውስጥ ግን ከ«ፒስ ኦን ኧርዝ» ጎን ይቆማሉ።

በጄፒ መንገድ፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ በሚባለው፣ በወገኖቻችን ሱቆች የልጆች ቲሸርት ላይ ስፓይደርማን ሲንጠለጠል እናያለን። ልጆቻችን እነዚህን ጀግኖች ከእኛ ፈቃድ ሳይጠይቁ ወርሰዋቸዋል። መሰብሰብ ለመጀመር የምታስቡ ከሆነ፣ አንድ የሮስ መድበልና አንድ አማርኛ «ጀምበር» ገዝታችሁ ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ ተመልከቱ። የትኛው ይበልጥ እንደሚስበውና ለምን እንደሆነ ጠይቁት።

ቸር ይግጠመን።