የሚንቀሳቀስ አካልና የካሜራ ዓይን በመተማና በቋራ ቆላ

ከቋራ የተነሡት የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1860 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት በተቀመጠ ጊዜ፣ ዕድሜው ገና ሰባት ዓመት ሳለ፣ ብርሃኑ ምስሉን በሚይዘው መስተዋት ላይ እስኪቀረጽ ድረስ እንደ ገዳም መነኩሴ በአርምሞ ይቆይ ዘንድ ግድ ነበር። ያን ጊዜ መሣሪያው አዛዥ፣ ሰው ታዛዥ ነበርና። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በጥይት በቆሰሉ ጊዜም፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በፓሪስ ለሕዝብ የታየው በ1888 ዓ.ም. ነውና፣ የዚያን ቀን ግርግር ያቆየልን የዐይን ምስክሮች ቃል እንጂ ሌንስ አይደለም።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ካኖን 5ዲ ማርክ 2 በ2001 ዓ.ም. መባቻ ሲወጣ፣ ለፎቶግራፍ የተሠራው ካሜራ ቪዲዮን በሲኒማ መልክ ይቀርጽ ጀመር፤ ነገር ግን ብርሃኑን ወደ ፎከስ መለኪያው የሚመራው መስተዋት ቪዲዮ ሲቀረጽ ተነሥቶ ስለሚቆይ፣ ካሜራው የሚራመደውን ሰው ተከትሎ ፎከሱን በራሱ መጠበቅ አይችልም ነበር። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 1.8 ላይ ሆኖ፣ በ3 ሜትር ርቀት የቆመች ሙሽራ ብትቀረጽ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 40 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነውና፣ እስክስታ ስትመታ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብትል ፊቷ ይደበዝዛል።

ለዚህ ችግር የቆላው ፀሐይ፣ ሰውን በሙቀቱ ቢያደክምም፣ ለቀራጭ ታላቅ ጸጋ ነው፤ በመተማ ዮሐንስ ወይም በገንዳ ውኃ በቀትር የሚወጣ የሠርግ አጀብ በ24 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ብርሃኑ ስለሚበዛ አፐርቸሩ ወደ ኤፍ 8 ጠብቦ ሲቀረጽ፣ ፎከሱ በ2.4 ሜትር ላይ ከተወሰነ፣ ከ1.2 ሜትር ገደማ ጀምሮ ዓይን እስከሚደርስበት ሁሉ ጥርት ይላልና። የቀራጩ ሥራ እንግዲህ አጀቡ የሚያልፍበትን መንገድ አስቀድሞ መርምሮ፣ ርቀቱን ወስኖ፣ በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ማታ በድንኳን ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ አፐርቸሩ ይከፈታል፣ እጅም ቀለበቱን እያሽከረከረ ሙሽራዪቱን መከተል አለበት። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ካኖን 70ዲ ፎከስን በምስል መቀበያው ላይ ራሱ መለካት በመጀመሩ ድካሙን አቀለለ፤ ሆኖም ከቀራጩና ከሙሽራዪቱ መካከል አንድ ጨፋሪ ድንገት ሲያልፍ ማንን መከተል እንደሚገባ የሚያውቀው አሁንም ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

ርቀትን አስቀድሞ ወስኖ በትዕግሥት ለመጠበቅ ጥበብ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር በዚያው በቋራ ወረዳ ይገኛል። በ1998 ዓ.ም. በተከለለው በአላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ በ2008 ዓ.ም. የዱር አራዊት ተመራማሪዎች የእንስሳን ሙቀትና እንቅስቃሴ ሲያገኙ ብቻ የሚነቁ ካሜራዎችን ተክለው ነበር፤ የዚህ ዓይነት ካሜራ ሌንስ እንደ ልማዱ በአንድ ርቀት ተወስኖ የሚቀመጥ እንጂ አውሬውን የሚከተል ስላልሆነ፣ ጥበቡ ሁሉ ያለው ዱካን አንብቦ ስፍራን በመምረጥ ላይ ነው። አንበሳውም በገዛ እግሩ ወደ ተወሰነው ርቀት መጣ፤ በምስሉና በኮቴው ማስረጃነት አላጣሽ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር የሚዋሰነው ምድር፣ አንበሳ የሚኖርበት መሆኑ ለዓለም ተነገረ።