ዘጠና አራት ፊደል

ቪቲ220ዬን የገዛሁት ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ አንድ ሰውዬ ጋራዡን ሲያጸዳ ነው። «አሮጌ ኮምፒውተር ነው» አለኝ። አይደለም፤ ተርሚናል ነው። ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ። ኮምፒውተሩ ሌላ ክፍል፣ አንዳንዴም ሌላ ሕንጻ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው፤ የሚያገናኛቸው ሽቦ ነው።

የሠራው ዴክ የሚባለው ኩባንያ ነው፤ በዚሁ ግዛት፣ ሜይናርድ ከተማ፣ በአንድ የድሮ የሱፍ ፋብሪካ ውስጥ በ1957 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ። በ1978 ያወጣው ቪቲ100 በጣም ከመለመዱ የተነሣ፣ ዛሬ ላፕቶፓችሁ ላይ ያንን ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ስትከፍቱ የምታዩት የእሱን አስመሳይ ነው። የእኔው ታናሹ ነው፤ የ1983።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያገኝ ሆዱን ዘርግፎ ጠፍጣፋ ስክሪንና ራስቤሪ ፓይ ይከትበታል። አሪፍ ይመስላል፤ ለእኔ ግን አይዋጥልኝም። ተርሚናሉ ድሮም የጎደለው ሽቦው ጫፍ ላይ ያለው ኮምፒውተር ነው። እሱን ስጡት፣ በቃ። መሃል ላይ ግን የቮልቴጅ አስማሚ አድርጉ፦ ፓይ በ3.3 ቮልት ነው የሚያወራው፣ ተርሚናሉ ከዚያ በጣም የሚበልጥ ይልካል። (የመጀመሪያዋ ፓይዬ፣ ነፍሷን ይማር።) ሁለተኛዋ ላይ ሲምኤች የተባለውን አስመሳይ ፕሮግራም ጫንኩ፤ የ1970ው ፒዲፒ-11 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ተነሣ።

ከዚያ አማርኛ ልላክበት አልኩ። ከፓይዋ ስልክ፣ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» ተደረደረች፣ ጠቋሚውም ወዲያ ወዲህ ዘለለ። ቪቲ220 ግን አንድ ደግ ነገር አለው፦ የራሳችሁን ፊደል በነጥብ ስላችሁ ትጭኑበታላችሁ። እስከ 94 ብቻ። የእኛ ደግሞ 33 በ7፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር 231።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገጽ የሚያስፈልገውን ፊደል ብቻ የሚጭን ፕሮግራም ጻፍኩ። መሞከሪያዬ አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በዚያው በ1983 ለእናቴ የላከላት ደብዳቤ ነበር። 101 የተለያየ ፊደል ወጣው። ሰባት ትርፍ። ያው ድምፃቸው አንድ ነው ብዬ ንጉሡን «ሠ» በእሳቱ «ሰ»፣ ፀሐዩን «ፀ» በጸሎቱ «ጸ» ተካሁ። 94 ሞላልኝ።

እናቴ ስትመጣ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ብርቱካናማው ብርሃን ፊቷ ላይ እያረፈ፣ ቀስ ብላ አነበበች።

«ይሄ የእሱ አይደለም» አለች።

«እማዬ፣ ቃል በቃል ነው እኮ የገለበጥኩት።»

«ሥራን በእሳቱ አይጽፍም ነበር። እንኳን እሱ ሊጽፈው፣ የጻፈ ተማሪ ያንበረክክ ነበር።»

ማታ ተርሚናሉን አጠፋሁት፤ ሲጠፋ የተጫነለትን ፊደል በሙሉ ይረሳል። ጠዋት ደብዳቤውን ከ«እንደምን ከርመሻል» በኋላ ለሁለት ገጽ ከፈልኩት። «ሠ»ም «ፀ»ም ተመልሰው ገቡ።