ዳጉ የማያወራው ልጅ

ኑ፣ ጥላው ሥር ቁጭ በሉና ላውጋችሁ።

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ ዳጉ የሚሉትን ወሬ ሳይለዋወጡ አይለያዩም። ከወዴት መጣህ? ዝናቡ የት ጣለ? የታመመ አለ? እያንዳንዱ ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ለይቶ ይናገራል፤ ዳጉ ላይ መዋሸት ነውር ነው። እንግዲህ እዚያ አገር አንደበት የሌለው ልጅ ቢወለድ፣ ሲያመው አመመኝ የማይል፣ ሲጨንቀው ጭንቅላቱን ከግድግዳ የሚያጋጭ፣ የእሱን ዳጉ ማን ያወራለታል? እናቱ ናታ! እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድስ?

አሁን ባሕር ላሻግራችሁ። አሜሪካ፣ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮዛሊንድ ፒካርድ የሚባሉ ፕሮፌሰር አሉ። ሰው ሲጨነቅ ቆዳው ላይ የሚወጣውን ላብ በኤሌክትሪክ የሚለካ የእጅ ማሰሪያ ነበራቸው። አንድ ተማሪያቸው መጣና ትንሹ ወንድሙ ኦቲዝም እንዳለበት፣ እንደማይናገር ነግሯቸው ለገና እረፍት ማሰሪያውን አውሱኝ አላቸው። እሳቸውም አንዱ ቢበላሽ ብለው ሁለት ሰጡት። ተማሪው ሁለቱንም፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ፣ አሰረለት።

ፕሮፌሰሯ ውጤቱን ሲያዩ በአንዱ እጅ ምልክቱ ሽቅብ ተወርውሯል፤ በሌላው ጭጭ! ተበላሸ ብለው ፈተሹት፤ ደህና ነው። ቸገራቸውና ተማሪው ጋ ደወሉ። እሱ ደግሞ፣ ተባረክ የሚያሰኝ ልጅ ነው፣ የወንድሙን ውሎ በማስታወሻ ይዞ ነበር። ገለጠና ሰዓቱን ፈለገ፤ ወንድሙን የሚጥል በሽታ ሊጥለው ሲል ነበር። ማስታወሻው ባይኖር መሣሪያው እንደ ተበላሸ ዕቃ ጥግ ይጣል ነበር። ከዚያ ዘር የወጣው ማሰሪያ በ2018 እ.ኤ.አ. የሚጥል በሽታን እንዲከታተል በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪው ማቲው ጉድዊንና ባልደረቦቹ መሰል ማሰሪያ ኦቲዝም ባለባቸው 20 ወጣቶች ላይ ሞክረው፣ ልጁ ሰው ከመምታቱ 1 ደቂቃ አስቀድሞ ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ። ለሁሉም አንድ ስሌት ከመጠቀም ለየልጁ የራሱን ማበጀቱ የተሻለ ውጤት ሰጠ።

እሺ፣ ማሰሪያውን ሰመራ እናምጣው። በሰኔ ቀትር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ማን የማያልበው አለ? ማሰሪያው አገሩ ሁሉ ተጨንቋል ሊል ነው! የልብ ምት፣ የቆዳ ሙቀትና እንቅስቃሴ አብረው ካልተለኩ፣ ልጁም ደህና ሲሆን እንዴት እንደሚያልበው አስቀድሞ ካልታወቀ፣ የማሰሪያው ቁጥር ዳጉ ላይ እንደሚዋሽ ሰው ነው።

እኛ አገርስ እንዲህ ላለ ልጅ እርዳታ የት አለ? ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ብለው አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ከዚያ ሰመራ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለአንዲት የአፋር እናት ደግሞ ከዚያም በላይ ነው።

ስለዚህ እናንተ የሰመራ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ይህ ማሰሪያ አንድ ቀን እጃችሁ ቢገባ፣ መጀመሪያ መናገር በሚችል ሰው እጅ ላይ እሰሩት። ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ አቁሙትና ሙቀት ነው ወይስ ጭንቀት ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ወደማይናገረው ልጅ ሂዱ፤ ለእናቱም ደብተርና እስክሪብቶ ስጧት። መጻፍ ካልቻለች እሷ ትንገራችሁ፣ እናንተ ጻፉ።