የማይታየው አጥር፦ የቤታችን ዋይፋይ የስብራትና የጥገና ታሪክ

በጁላይ 1999 ስቲቭ ጆብስ ኒውዮርክ ውስጥ መድረክ ላይ ቆሞ አይቡክ የተባለውን አዲሱን የአፕል ላፕቶፕ ያስተዋውቅ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ላፕቶፑን ከጠረጴዛው አንስቶ በእጁ ያዘው። ድረ ገጹ እየተከፈተ ነው፤ ገመድ ግን የለም። ከዚያ ልጆች ወገባቸው ላይ የሚያሽከረክሩትን የፕላስቲክ ቀለበት ተቀብሎ ላፕቶፑን በመሃሉ አሳለፈው፤ ልክ ምትሃተኛ “እዩ፣ ክር የለም!” እንደሚለው። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ።

ምትሃቱ ግን ጣጣ ነበረው። ገመድ ከሌለ ግድግዳም የለም። የራዲዮ ሞገድ የግቢያችንን ወሰን አያውቅም። ሳሎን ያለው ላፕቶፕ የሚሰማውን የጎረቤት ላፕቶፕም ይሰማዋል፤ በር ላይ መኪና አቁሞ የተቀመጠ ሰውም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የዋይፋይ ታሪክ ያንን የጠፋ ግድግዳ በሂሳብ መልሶ የመገንባት ታሪክ ነው። አጥሩ ይታጠራል፣ ይፈርሳል፣ ደግሞ ይታጠራል። ዛሬ የራውተራችሁን ሴቲንግ ስትከፍቱ የምታዩት ግራ የሚያጋባ ዝርዝር ከሰማይ የወረደ አይደለም። አብዛኛው መስመር የሆነ ቦታ ላይ አጥሩ ፈርሶ የተጠገነበት ጠባሳ ነው። ጠባሳውን ማንበብ የቻለ ሰው የትኛውን ራውተር ልግዛ፣ የቱን ልክፈት፣ የቱን ልዝጋ ለሚለው ጥያቄ መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

ማንም ያልፈለገው አየር

ነገሩ ከጆብስ በፊት ይጀምራል። በ1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ አሎሃኔት የተባለ መረብ ሥራ አስጀመሩ። በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ተጠቃሚዎችን ከአንድ ዋና ኮምፒውተር ጋር በራዲዮ የሚያገናኝ ነበር። በ1985 ደግሞ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አንዳንድ የሞገድ ክልሎችን ያለ ፈቃድ መጠቀም እንዲቻል ከፈተ። ከመካከላቸው አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው። የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራበት፣ ለቁም ነገር ማንም የማይመኘው ሰፈር ነበር። ዛሬም ማይክሮዌቭ ሲበራ ዋይፋይ የሚንገዳገደው በዚሁ ጉርብትና ምክንያት ነው።

በ1997 የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ ወጣ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 2 ሜጋቢት ብቻ። በ1999 ወደ 11 ሜጋቢት አደገ፤ “ዋይፋይ” የሚለው ስምም ያኔ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሣጥኗ ወደየቤቱ ገባች። አብሯትም የመጀመሪያው ቁልፍ ገባ።

ገና ሲወለድ የደከመ ቁልፍ

ያ ቁልፍ ዌፕ ይባላል። የስሙ ትርጉም “ከገመድ ጋር እኩል የሆነ ምስጢራዊነት” ማለት ነው። ስሙ ትልቅ፣ ጉልበቱ ትንሽ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሕግ ጠንካራ የምስጠራ ቴክኖሎጂ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ይገድብ ስለነበር የመጀመሪያው ዌፕ ባለ 40 ቢት ደካማ ቁልፍ ተሰጠው። የባሰው ችግር ግን ሌላ ነው። ዌፕ እያንዳንዱን የዳታ እሽግ ሲቆልፍ ከዋናው ቁልፍ ጋር አንድ ተለዋዋጭ ቁጥር ያዳብላል። የምስጢሩ ደኅንነት የቆመው ይህ ቁጥር ባለመደገሙ ላይ ነው። ለቁጥሩ የተመደበው ቦታ ግን 24 ቢት ብቻ ነበር፤ ማለትም 16,777,216 አማራጭ። ብዙ ይመስላል? ሥራ የበዛበት መረብ በሰዓታት ውስጥ ይጨርሰውና ከመጀመሪያው ይደግማል። አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ በተደገመ ቁጥር የሚያዳምጠው ሰው ሁለቱን አስተያይቶ ከምስጢሩ ትንሽ ይቆርሳል።

በ2001 ፍሉረር፣ ማንቲን እና ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚህም የከፋውን አሳዩ፦ እሽጎቹን በብዛት የሰበሰበ ሰው ዋናውን ቁልፍ ራሱን ማውጣት ይችላል። ብዙም ሳይቆይ ይህን የሚሠሩ ነፃ ሶፍትዌሮች ኢንተርኔት ላይ ተለቀቁ። በ2007 ደግሞ የጀርመኗ ዳርምሽታት ከተማ ተመራማሪዎች ረዘም ያለውን ባለ 104 ቢት የዌፕ ቁልፍ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሰበሩት። ቡና እስኪፈላ እንኳ አይፈጅም።

ታዲያ ችግሩ ከታወቀ በኋላ ሁሉም ሰው ወዲያው ቁልፉን ቀየረ? አልቀየረም። በ2005 ሌቦች ማያሚ ውስጥ ማርሻልስ በሚባል ሱቅ የዋይፋይ መረብ በኩል ወደ ባለቤቱ ኩባንያ ቲጄኤክስ ኮምፒውተሮች ገቡ። ኩባንያው በወቅቱ ዌፕን ሙሉ በሙሉ አልተወም ነበር። ነገሩ በጃንዋሪ 2007 ይፋ ወጣ፤ ቆየት ብሎም ቢያንስ 45.7 ሚሊዮን የባንክ ካርድ ቁጥሮች መሰረቃቸው ተነገረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ማስጠንቀቂያው የተሰማው ካርዱ ከተዘረፈ በኋላ ነው።

ጊዜያዊው እና ቋሚው ጥገና

ዌፕ ሲወድቅ ኢንጂነሮቹ አጣብቂኝ ውስጥ ገቡ። ትክክለኛውን መፍትሔ ለመሥራት ጊዜ ያስፈልጋል፤ በየቤቱ ያሉት ሣጥኖች ደግሞ አቅማቸው ደካማ ነው። ስለዚህ በ2003 በአሮጌው ሣጥን ላይ በሶፍትዌር ብቻ የሚጫን ማስታገሻ ወጣ፤ ደብሊው-ፒ-ኤ ተባለ። ውስጡ ያለው ዘዴ ቲኪፕ ይባላል። በ2004 ዋናው መድኃኒት መጣ፤ ደብሊው-ፒ-ኤ 2። እሱ የሚጠቀመው ኤ-ኢ-ኤስ የተባለውን፣ ሁለት ቤልጂጋዊ የምስጠራ ሊቃውንት ፈጥረውት የአሜሪካ መንግሥት በ2001 በይፋ የተቀበለውን ምስጠራ ነው። ከ2006 ጀምሮ የዋይፋይ ምልክት ለማግኘት የሚፈልግ አዲስ ዕቃ ሁሉ ይህን የመቻል ግዴታ ተጣለበት።

ራውተራችሁ የደኅንነት ዓይነት ምረጡ ሲላችሁ የሚደረድርላችሁ እንግዲህ ይህንን የዘመን ቅደም ተከተል ነው። ዌፕ የሞተ ነው። የመጀመሪያው ደብሊው-ፒ-ኤ እና ቲኪፕ ጡረታ የወጣ ማስታገሻ ናቸው። ከደብሊው-ፒ-ኤ 2 ከነኤ-ኢ-ኤስ በታች ምንም አትምረጡ። ከዚያ በላይ የማይወጣ አሮጌ ሣጥን በርካሽ ቢቀርብላችሁ፣ የምትገዙት ራውተር ሳይሆን የተሰበረ ቁልፍ ነው።

ምቾት የከፈተው የኋላ በር

ጥሩ ቁልፍ ከመጣ በኋላ ደግሞ ሌላ አቤቱታ ተነሳ፦ ረጅም ፓስዎርድ መጻፍ ሰለቸን። መልሱ በ2007 አካባቢ የመጣው ደብሊው-ፒ-ኤስ ነው። ወይ ራውተሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ወይ ባለ 8 አሃዝ የምስጢር ቁጥር ታስገባላችሁ።

ስምንት አሃዝ ማለት 100 ሚሊዮን አማራጭ ነው። ይበቃል፣ አይደል? በዲሴምበር 2011 ሽቴፋን ፊቡክ የተባለ ተመራማሪ ሂሳቡ ሌላ መሆኑን ይፋ አደረገ። ራውተሩ ቁጥሩን የሚያጣራው ለሁለት ከፍሎ ነው፤ መጀመሪያ አራቱን አሃዝ፣ ቀጥሎ የቀሩትን። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ከሆነ ይናገራል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ግማሽ 10,000 ሙከራ ይበቃል። የመጨረሻዋ አሃዝ ከሌሎቹ ተሰልታ የምትገኝ ማረጋገጫ ስለሆነች ለሁለተኛው ግማሽ የሚቀረው 1,000 ብቻ ነው። 100 ሚሊዮን የነበረው ድንገት 11,000 ሆነ። በሰዓታት የሚያልቅ ሥራ። የፊት በሩ ብረት ሆኖ ሳለ የጓሮው በር በገመድ የታሰረ እንደማለት ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ደብሊው-ፒ-ኤስን ካገኛችሁት ዝጉት።

ስልክ ቁጥር ፓስዎርድ ሲሆን

አሁን ወደኛ ሰፈር እንምጣ። ደብሊው-ፒ-ኤ 2 ምስጠራው ጠንካራ ቢሆንም አንድ ድክመት አለው። ስልካችሁ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን ሰላምታ የቀዳ ሰው ያንን ይዞ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ፓስዎርዱን ሲገምት ያድራል። ራውተሩ ስለማይሳተፍ “ብዙ ጊዜ ተሳሳትክ” ብሎ የሚያቆመው የለም።

ብዙዎቻችን ደግሞ የዋይፋይ ፓስዎርድ ስንባል ቀድሞ የሚመጣልን ስልክ ቁጥራችን ነው። እስቲ እናስላው። የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥር 10 አሃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ወይ 09 ወይ 07 መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። የቀሩት ስምንቱ ናቸው፤ ስለዚህ ጠቅላላው 200 ሚሊዮን አማራጭ ነው። ጌም ለመጫወት የሚገዛ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ እንዲህ ያለውን ግምት በሰከንድ በመቶ ሺዎች መሞከር ይችላል። በሰከንድ 500,000 ብንል 400 ሰከንድ ይፈጃል። ሰባት ደቂቃ አይሞላም፤ በአገሪቱ ሊኖር የሚችል ሞባይል ቁጥር በሙሉ ተሞክሮ አለቀ።

መድኃኒቱ ርዝመት ነው። ፓስዎርዱ እስከ 63 ፊደል ድረስ መሄድ ይችላል። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል ገጣጥሙ፤ ለእናንተ የሚያስቅ፣ ለገማቹ የሚያደክም። ተረት ወይም የዘፈን ስንኝ ግን አይሁን፤ የታወቀ ነገር ተገማች ነው። የዋይፋዩን ስምም ቀይሩት። ደብሊው-ፒ-ኤ 2 ቁልፉን የሚሠራው ፓስዎርዱን ከስሙ ጋር አዋሕዶ ስለሆነ፣ ለተለመዱ የፋብሪካ ስሞች አስቀድመው የተሰሉ ዝርዝሮች አሉ።

ድር ሲያብር

“እኔ ምን አለኝ፣ ማን ይሰርቀኛል?” የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ መልሱ 2016 ነው። በዚያ ዓመት ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ተሰራጨ። የረቀቀ ምስጠራ አልሰበረም። የያዘው ወደ 60 የሚጠጉ የፋብሪካ መግቢያ ስምና ፓስዎርዶች ዝርዝር ነው፤ “አድሚን፣ አድሚን” የመሳሰሉትን። ዓለምን እየዞረ የደኅንነት ካሜራዎችንና የቤት ራውተሮችን በዚያ ዝርዝር አንኳኳ። ባለቤቶቹ ቀይረውት የማያውቁት በር ሁሉ ተከፈተ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በኦክቶበር 21 ቀን እነዚያ ተራ ዕቃዎች በአንድነት ዳይን በተባለ ኩባንያ ላይ ተለቀቁና ትዊተርን፣ ኔትፍሊክስንና ሬዲትን የመሳሰሉ ገጾች ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት ጠፉ። በኖቬምበር መጨረሻ ደግሞ የሚራይ ዝርያ የሆነ ጥቃት በርቀት ማስተዳደሪያው መስኮት በኩል ራውተሮችን ሊይዝ ሲሞክር፣ ጀርመን ውስጥ ወደ 900,000 የሚሆኑ የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች አገልግሎት ተቋረጠባቸው። ከሚራይ ጀርባ የነበሩት ሦስት አሜሪካውያን ወጣቶች በ2017 ጥፋታቸውን አመኑ።

ስለዚህ ጉዳዩ የኛ ቤት ብቻ አይደለም። የተከፈተ ራውተር ባለቤቱ ሳያውቅ ሌላውን የሚወጋ ጦር ይሆናል። ለዚህ ነው የዋይፋዩ ፓስዎርድ ብቻውን የማይበቃው፤ ወደ ሴቲንጉ ራሱ የሚያስገባው የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ መቀየር አለበት፣ የርቀት ማስተዳደሪያውም ካላስፈለገ ይዘጋ። ሕግም ዘግይቶ ደረሰ፦ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ብሪታንያ ውስጥ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የፋብሪካ ፓስዎርድ ይዞ መሸጥ ክልክል ሆነ፤ አምራቹም የደኅንነት ማሻሻያ እስከ መቼ እንደሚሰጥ መናገር አለበት።

የማያልቅ ጥገና

ይህ ሁለተኛው ግዴታ ምክንያት አለው። በኦክቶበር 2017 ቤልጂጋዊው ማቲ ቫንሁፍ ደብሊው-ፒ-ኤ 2 ራሱ ስንጥቅ እንዳለው አሳየ። ስንጥቁ በሶፍትዌር ማሻሻያ የሚደፈን ነበር፤ ማሻሻያ ለሚደርሰው ዕቃ። አምራቹ የረሳው ራውተር ግን ከነስንጥቁ ቀረ። በ2018 ደብሊው-ፒ-ኤ 3 ወጣ፤ ቤት ወስዶ መገመት የሚለውን ዘዴ ለመዝጋት የተሠራ ነው። በዓመቱ ቫንሁፍና ባልደረባው ኤያል ሮነን እሱም ላይ ቀዳዳ አገኙበት፤ እሱም ተጠገነ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ራውተር መምረጥ ቀላል ነው። በአንቴናው ብዛት አትታለሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ደብሊው-ፒ-ኤ 3 ይችላል? ማሻሻያ ራሱ ያወርዳል? አምራቹ ለስንት ዓመት ቃል ገብቷል? አገልግሎት ሰጪው ያመጣላችሁ ከሆነና ምርጫ ከሌላችሁ፣ ሴቲንጉ ግን የእናንተ ነው።

የሚቀረው እንግዳው ነው። እኛ ዘንድ ዋይፋይ ለእንግዳ እንደ ቡና የሚቀርብ ነገር ሆኗል፤ ለጎረቤት መከልከልም ይከብዳል። አትከልክሉ። አብዛኛው የዛሬ ራውተር የእንግዳ መረብ አለው፦ የራሱ ስም፣ የራሱ ፓስዎርድ፣ ከቤቱ ኮምፒውተርና ካሜራ የተነጠለ። እንግዳው ሳሎን ይቀመጣል፤ ጓዳ አይገባም። አጥር ማለትም ይኸው ነው፤ ሰው እንዳይመጣ ሳይሆን በበሩ እንዲመጣ።