የትምህርት ቤት ወላጆች ኅብረት፦ አባልነት ለማን?

የአገራችን የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ሚኒስትሮች፣ ፖሊሲዎችና የተማሪዎች ብዛት ናቸው። በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ስለ ጣራ ክዳን፣ ስለ አጥርና ስለ ዘበኛ ደመወዝ የሚመክረው ኮሚቴ ግን እምብዛም አይወሳም። የዚህ ኮሚቴ አባል ለመሆን የሚበቃው ማን ነው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም፣ ከ70 ዓመታት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ በየዘመኑ የተለያየ መልስ ተሰጥቶታል። መልሱ በተለወጠ ቁጥርም ትምህርት ቤቱ የሚያደምጠው ወገን አብሮ ተለውጧል። ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው የኦፋ ወረዳ መቀመጫ በገሱባ ላለ ሰውም ቢሆን ይህ ጉዳይ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

የመጀመሪያው መልስ በመሬት ላይ የቆመ ነበር። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ሲጣል፣ ገንዘቡ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውልና በየአካባቢው የትምህርት ቦርዶች እንዲቆጣጠሩት ታሰበ። ወላይታ በዚያን ጊዜ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። አሳቡ መልካም ቢሆንም፣ ግብር የሚቈጠረው በመሬት እንደ መሆኑ መጠን ድምፅ የሚሰማውም የባለመሬቱና የሹሙ ነበር። የግብሩ ሸክም ዞሮ በትከሻው ላይ የሚወድቅበት ጭሰኛ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ቢልክ እንኳ በትምህርት ቤቱ ጉዳይ የሚጠይቀው አልነበረም።

በ1950ዎቹ ማብቂያ ግድም፣ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚሠራ ክፍል በትምህርት ሚኒስቴር ውስጥ ተቋቋመ። በዚህ አሠራር የአካባቢው ሕዝብም በገንዘብና በጉልበት የወጪውን ድርሻ ይሸፍን ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ድንጋይ ያቀረበውና ግንድ የተሸከመው ሁሉ ሕንፃውን «የእኔ ነው» ለማለት በቃ። ከግብር ከፋዩ ቀጥሎ «ያዋጣ ሰው» የሚባል አዲስ ባለመብት ተፈጠረ ማለት ነው። ይሁንና የሠራው ሰው በሥራው ላይ ድምፅ እንዲኖረው የሚያስገድድ ሥርዓት ገና አልተበጀም ነበር።

ሁለተኛው መልስ ከአብዮቱ ጋር መጣ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነና የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ትምህርት ቤቶች በሕዝብ እንዲተዳደሩና ቁጥጥር እንዲደረግባቸው አዋጅ ወጣ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የወጣ ሌላ አዋጅም አጠናከረው። በኮሚቴው ውስጥ ከገበሬና ከከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች የተወከሉ ሰዎች ተቀመጡ። ለትናንቱ ጭሰኛ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የወላይታን ቋንቋ ከመጀመሪያዎቹ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ መያዙም ሽማግሌውን ሳይቀር ወደ ትምህርት ቤት አቀረበው። ሆኖም ገበሬው ወደ ኮሚቴው የሚገባው የልጅ አባት ስለ ሆነ ሳይሆን ማኅበሩ ስለ ወከለው ነበር። በማኅበሩ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ ባብዛኛው የአባወራው ስም ስለ ነበረ፣ ልጁን አጥባና አብልታ ወደ ትምህርት ቤት የምትልከው እናት ከደጅ ቀረች።

ሦስተኛው መልስ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይጀምራል። ፖሊሲው ተቋማት ከኅብረተሰቡ፣ ከልማትና ከምርምር ድርጅቶች፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች በተውጣጡ ቦርዶች ወይም ኮሚቴዎች እንዲመሩ ደነገገ፤ በትምህርት አመራርም የሴቶች ተሳትፎ እንዲበረታታ አዘዘ። ነገር ግን በወረቀት የሰፈረው ሁሉ በሥራ ላይ ይውላል ማለት አይደለም። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች ተደባልቆ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የመማሪያ መጻሕፍት ሲዘጋጁ፣ ልጆቻቸው በዚያ ቋንቋ እንዲማሩ የተወሰነባቸውን ወላጆች በቅጡ ያማከረ አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. በሶዶ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ወላጅን ከውሳኔ ማግለል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ትምህርት ሚኒስቴር በነሐሴ 1994 ዓ.ም. ስለ ትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ ያወጣው መመሪያ፣ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድንና የወላጅ መምህር ኅብረትን ለየብቻ አቋቋመ። ኋላም ተማሪዎች ተጨምረው «ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት» ተባለ። የመለያየቱ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ልጅ የሌለው ነገር ግን ድንጋይ ያቀረበ ነዋሪ ድምፁን በቀበሌው ቦርድ በኩል ያሰማል፤ ኅብረቱ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ልጅ ላለው ይተዋል።

ዛሬም የሚቀረው ችግር «ወላጅ» ከሚለው ቃል ይመነጫል። ቃሉ በፊደሉ ከተተረጐመ የወለደውን እንጂ ያሳደገውን አይጨምርም። እንደ ገሱባ ባሉ የወረዳ ከተሞች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች ክፍል ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከቤት ተሸክመው ይኖራሉ፤ ወይም ከአጎትና ከአክስት ቤት ይጠጋሉ። አያት የሚያሳድጋቸው ልጆችም ጥቂት አይደሉም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ከወላጅ ሌላ አሳዳሪና ሞግዚት እንዳለ ያውቃል። ኅብረቱ እነዚህን ካላስገባ፣ ይበልጡን ጠበቃ የሚሻው ልጅ ተወካይ ያጣል።

ሁለተኛው እንቅፋት መዋጮ ነው። በ1986ቱ ፖሊሲ መሠረት ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል በነጻ እንዲሰጥ ከተወሰነ ወዲህ፣ መዋጮ በፈቃድ የሚሰጥ እንጂ የአባልነት መለኪያ ሊሆን አይገባም። «ያልከፈለ አይናገር» የሚል ልማድ ከሰፈነ የ1940ው የግብር ሚዛን በሌላ ስም ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

በሩን ሰፋ ማድረግ የራሱ አደጋ እንዳለው መካድ አይቻልም። ልጅ የሌለው ባለሀብት ወይም የሥልጣን ጉጉት ያደረበት ሰው ኅብረቱን መረማመጃ ሊያደርገው ይችላል። መድኃኒቱ ግን በሩን መዝጋት ሳይሆን ቁርጥ ያለ ደንብ ማውጣት ነው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ተማሪ ኀላፊነት ያለበት ሰው ስም፣ ወላጅም ሆነ አሳዳጊ፣ በምዝገባው ቀን በመዝገብ እንዲሰፍርና የመምረጥ መብቱ ከዚያ መዝገብ እንዲመነጭ ማድረግ ነው። ስብሰባውም የገበያ ቀን ባልሆነ ዕለት፣ እናቶች ሊመጡበት በሚችሉት ሰዓትና በሚናገሩበት ቋንቋ ቢካሄድ መዝገቡ በሥራ ይተረጐማል።

ይህ ጉዳይ የትምህርት ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። መሐንዲሱ ሠርቶ ያስረከበው የመማሪያ ክፍል የሚጠገነው፣ የውኃ ቧንቧው የሚጠበቀው፣ ለልጃገረዶች የተለየ መጸዳጃ ቤት በዕቅድ የሚያዘው በዚሁ ኮሚቴ ውሳኔ ነው። እናት ባልተቀመጠችበት ስብሰባ የመጸዳጃ ቤቱ ነገር ከአጥሩ በኋላ፣ ምናልባትም ለከርሞ ይቈያል። ስለዚህ የሕንፃው ርክክብ ሰነድ ሲፈረም፣ ተረካቢው ኮሚቴ እነማንን እንደ ያዘና እነማንን እንደ ተወ መጠየቅ የሥራው አንድ ክፍል ሆኖ ሊቈጠር ይገባል።